«ሕጋዊ» ሥልጣንና «የሚገባ» ሥልጣን፤ አንድ የስያሜ ጉድለት በወለጋ ታሪክ ሲፈተን

የስያሜ ሥራ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ሐሳባችን የሚሄደው ወደ ፊዚክሱ፣ ወደ ኬሚስትሪውና ወደ ሕክምናው ነው። በእነዚህ የትምህርት ዘርፎች አንድ ስያሜ ቢጎድል ወይም ቢሳሳት ጉዳቱ ቶሎ ይታያል፤ መምህሩ ይደናገራል፣ ተማሪው ይጠይቃል፣ ስያሜውም ይታረማል። በሕግና በመንግሥት ፍልስፍና ግን ነገሩ ይህን አይመስልም። በዚህ ዘርፍ አንድ ቃል የሁለት ፅንሰ ሐሳቦችን ሸክም ተሸክሞ ለረጅም ዘመን ሊጓዝ ይችላል። አንባቢው የተረዳ ይመስለዋል፤ ተርጓሚውም ያስረዳ ይመስለዋል፤ በመካከሉ የጠፋው ሐሳብ ግን መጥፋቱን የሚያስታውቅለት አያገኝም። ይህ ጽሑፍ የሚተቸው እንዲህ ካሉት ቃላት አንዱን፣ ይኸውም «ሕጋዊነት» የሚለውን ነው።

ጉዳዩ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ስለ መንግሥት ሥልጣን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ ሥልጣኑ የተያዘውና የሚሠራበት ሕግ በደነገገው መንገድ ነውን? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ይህን ሥልጣን ሊታዘዙት ይገባልን? የሚል ነው። የአውሮፓ ቋንቋዎች ለመጀመሪያው «ሌጋሊቲ»፣ ለሁለተኛው «ሌጂቲማሲ» የሚሉ ሁለት ስሞች አሏቸው። በአማርኛ የትርጉም ሥራዎች ግን ሁለቱም «ሕጋዊነት» እየተባሉ ሲጻፉ በተደጋጋሚ ይታያል። በዚህም ሁለተኛው ጥያቄ ሳይጠየቅ እንደተመለሰ ይቆጠራል፤ «ሥልጣኑ ሕጋዊ ነውን?» ተብሎ ሲጠየቅ «አዎን፣ በአዋጅ ቁጥር ይህን ያህል ተቋቁሟል» ማለት በቂ መልስ መስሎ ይታያልና።

ስሕተቱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ሁለቱም የአውሮፓ ቃላት የተወለዱት ሕግ የሚል ትርጉም ካለው «ሌክስ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ በጥንቱ የላቲን አነጋገርም «ሌጊቲሙስ» ማለት በሕግ የሆነ ማለት ነበር። ሁለቱን የለያቸው የቃል ሥር ሳይሆን ታሪክ ነው። ከናፖሌዎን ውድቀት በኋላ በ1814 እና 1815 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የቪየና ጉባኤ ታሌይራን የተባለው የፈረንሳይ ዲፕሎማት የ«ሌጂቲማሲ»ን መርሕ ሲያነሣ፣ አብዮቱና ናፖሌዎን ባወጧቸው ሕጎች ላይ የነባር ነገሥታትን የዘር መብት ማቆሙ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ጽሑፍ ከሆነው ሕግ ባሻገር ያለውን መሠረት የሚጠይቅ ሆነ። ስለዚህ የቃሉን ሥር ብቻ ተከትሎ «ሕጋዊ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሥሩን አግኝቶ ፍሬውን ይስታል።

በሌላ በኩል «ሕጋዊ» የሚለው ትርጉም ትክክል የሆነበት ቦታም አለ። በወንጀል ሕጋችን ራስን ወይም ሌላውን ከጥቃት መከላከል «ሕጋዊ መከላከል» ይባላል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ረቂቅ በስዊሳዊው ሊቅ በዣን ግራቨን በፈረንሳይኛ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ሐረጉ በፈረንሳይኛው የሕግ ቋንቋ «ሌጂቲም ዴፋንስ» ነው። እዚህ ላይ መከላከሉን ተገቢ የሚያደርገውን ወሰን ራሱ ሕጉ ስለሚደነግግ «ሕጋዊ» ማለት ጉዳት አያመጣም። ጉዳት የሚመጣው ቃሉ ከዚህ ተነሥቶ ወደ ራሱ ወደ ሕግ አውጪው ሥልጣን ሲሻገር ነው። ድርጊት በሕግ ሊለካ ይችላል፤ ሕጉን ያወጣው ሥልጣን ግን በራሱ ሕግ ብቻ ቢለካ ሚዛኑና ተመዛኙ አንድ ይሆናሉ።

አማርኛ ይህን ልዩነት አያውቅም ለማለት ግን አይቻልም። በቀድሞው ልማድ ተከራካሪ ባላጋራውን በመንገድ ሊያስቆመው ሲሻ «በሕግ አምላክ!» ይለው ነበር፤ የተጠራበትም ሰው ወደ ዳኛ ሳይሄድ እንዲሁ አልፎ መሄድ አይችልም ነበር። «በምኒልክ አምላክ» የሚለው አጠራር ደግሞ ከዚሁ ጎን ይነገር ነበር። ሁለቱን ሐረጎች የስያሜ ሠራተኛ በጥንቃቄ ሊመለከታቸው ይገባል። ሁለተኛው የሚጠራው የገዢውን አምላክ ነው፤ ሥልጣኑ በሰውየው ስም ይቆማል። የመጀመሪያው የሚጠራው የሕጉን አምላክ ነው፤ ሕግ ራሱ ከበላዩ የሚጠየቅበት ነገር እንዳለው ያመለክታል። እንግዲህ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ምሳሌ የአማርኛ ተናጋሪዎች የመጨረሻ ቃል ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። የጎደለው ሐሳቡ ሳይሆን ለሐሳቡ የተወሰነለት ስያሜ ነው።

ስያሜ የሚፈተነው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ሳይሆን በተጨባጭ ታሪክ ላይ ነው። ለዚህ ፈተና የወለጋን፣ በተለይም የነቀምትን ታሪክ መርጠናል። ምክንያቱም በዚህ አገር የሥልጣን ምንጮች ተደራርበው፣ አንዳንዴም ተፎካክረው ስለተገኙ፣ አንድ ቃል ለሁሉም ሊበቃ አለመቻሉ በግልጽ ይታያል።

በምዕራብ ኦሮሞ ዘንድ የቆየው የገዳ ሥርዓት ሥልጣንን በስምንት ዓመት ዘመን ይወስናል፤ ሕግ የሚደነገገው በጨፌ ጉባኤ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ግን የጦር መሪነቱን፣ ማለትም የአባ ዱላነቱን ሥልጣን ከዘመኑ በላይ ይዘው የቀሩ ሰዎች ነገሥታት ሆኑ። የሌቃ ነቀምቱ በከሬ ጎዳና ከእነዚህ አንዱ ነው። ማዕረጉም «ሞቲ» ተባለ፤ መንግሥት ለማለት ኦሮምኛ የሚጠቀምበት «ሞቱማ» የሚለው ቃል ከዚሁ የወጣ ነው፤ ተናጋሪዎችም «ሞኡ» (ማሸነፍ) ከሚለው ግሥ ጋር ያያይዙታል። አማርኛም «መንግሥት»ን ያወጣው ከ«ነግሠ» ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች የመንግሥትን ስም ያገኙት ከንጉሡ መሆኑን ልብ ይሏል።

የበከሬ ልጅ ሞሮዳ በ1874 ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ ገበረ። በዚያው ዓመት በሆሮ ጉድሩ አገር በእምባቦ ላይ ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ነሥተው ነበርና፣ የምዕራቡ አገር የማን እንደሚሆን ተወስኖ ነበር ማለት ይቻላል። ሞሮዳ ግብር እየከፈለ በአገሩ ላይ የመግዛት ሥልጣኑን ጠበቀ፤ ልጁ ኩምሳም፣ በክርስትና ስሙ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ይህንኑ ወረሰ። በነቀምት የሚገኘው ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ቤተ መዘክር ነው። በቄለም በኩልም ጆቴ ቱሉ እንዲሁ በግብር ተስማምቶ አገሩን ይገዛ ነበር።

አሁን «የሞሮዳ ሥልጣን ሕጋዊ ነበርን?» ብለን እንጠይቅ። በገዳ ሕግ ከታየ የዘመን ገደብን ስላፈረሰ ሕጋዊ አይደለም። በምኒልክ ሹመት ከታየ ሕጋዊ ነው። በሕዝቡ ዘንድ ከታየ ደግሞ ጥያቄው ስለ ሕግ መሆኑ ይቀራል፤ በጦር ከሚወረር አገር ይልቅ በድርድር የገበረ አገር ይሻላል ብሎ የተቀበለው ሰው ሊኖር ይችላል፤ ግብሩ የከበደበት ገበሬም ሌላ መልስ ይኖረዋል። «ሕጋዊ» የሚለው ቃል እነዚህን ሦስት መልሶች በአንድ ከረጢት ይከታቸዋል። ታሪክ ጸሐፊው ይለያቸዋል፤ ቋንቋው ግን አይረዳውም።

እዚህ ላይ ለመዝገበ ቃላት ሥራ አንድ ማሳሰቢያ ማቅረብ ይገባል። ከነቀምት ቤተ መንግሥት የተገኙ፣ ከ1880ዎቹ እስከ 1920ዎቹ ዓ.ም. ያሉትን ዘመናት የሚሸፍኑ የአማርኛ ደብዳቤዎችና የግብር ሰነዶች በአሌሳንድሮ ትሪውልዚና በተሰማ ታኣ ተሰብስበው በ2004 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትመዋል። እነዚህ ሰነዶች ኦሮምኛ በሚነገርበት አገር በአማርኛ የተጻፉ የሥልጣን መዛግብት ናቸው። የከሣቴ ብርሃን ተሰማ (1951 ዓ.ም.) እና የደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም.) መዝገበ ቃላት የተመሠረቱት በአብዛኛው በሊቃውንቱና በመካከለኛው አገር አማርኛ ላይ ነው። ስለ ግብር፣ ስለ ሹመት፣ ስለ ዳኝነትና ስለ ትእዛዝ የሚነገሩ ቃላት በአገዛዝ ላይ በተግባር ምን ይሉ እንደነበር ለማወቅ የሚሻ የወደፊቱ አዘጋጅ የነቀምትን ሰነዶች በምንጭነት ሳይመረምር ሊያልፍ አይገባውም።

ወደ ዋናው ፈተና እንለፍ። በ1928 ዓ.ም. በምዕራብ ኢትዮጵያ የሆነው ነገር የሕግ ፍልስፍና መምህር ለማስተማሪያ ብሎ ቢፈጥረው እንኳ ይህን ያህል ግልጽ አይሆንለትም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ ወጡ፤ የኢጣልያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን ገባ፤ ግንቦት 1 ቀን ሙሶሊኒ ኢትዮጵያ የኢጣልያ ግዛት መሆኗን በሮም አወጀ። ከዚያ በኋላ በነበረው ክረምት በወለጋና በኢሉባቦር ምድር አራት ሥልጣኖች በአንድ ጊዜ ታዛዥ ይፈልጉ ነበር።

አንደኛው በጎሬ የተቀመጠው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ውክልና የሰጡትና ራስ እምሩ በበላይነት እንዲመሩት የታዘዙበት ጊዜያዊ መንግሥት ነው። ሁለተኛው በነቀምት አካባቢ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖችና ከተማሩ ወጣቶች የተውጣጣው፣ ዶክተር ዓለም ወርቅ በየነ የመሩት የጥቁር አንበሳ ማኅበር ነው። በሰኔ ወር በቦነያ ያረፉትን የኢጣልያ አውሮፕላኖች አጥቅቶ ጄኔራል ማሊዮኮንና ታዋቂውን አውሮፕላን ነጂ ሎካቴሊን ጨምሮ የመልእክቱን አባላት የገደለው ይኸው ኃይል ነበር። ሦስተኛው የኩምሳ ልጅ ደጃዝማች ሀብተ ማርያም የመሩት የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች ኅብረት ነው፤ ሠላሳ ሦስት ፈራሚዎች አገራቸው በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር እንዲሆን በጎሬ በነበረው የእንግሊዝ ቆንስል አማካይነት ለመንግሥታት ማኅበር አመለከቱ። አራተኛው በአዋጅ የመጣው የፋሽስት ኢጣልያ አገዛዝ ነው።

እነዚህን አራት ሥልጣኖች «ሕጋዊነት» በሚለው ቃል ብቻ ለመለየት ብንሞክር የምናገኘው ውጤት አስገራሚ ነው። የኢጣልያ አገዛዝ የራሱ አዋጅና ድንጋጌ ነበረው፤ እንግሊዝም በ1938 እ.ኤ.አ. የኢጣልያን የኢትዮጵያ ይዞታ በሕግ ዕውቅና ሰጥታዋለች። በለንደን መዝገብ ሲታይ «ሕጋዊ» ነበር። የጥቁር አንበሳ ማኅበር ደግሞ ማንም አዋጅ አላቋቋመውም። ይሁን እንጂ አሥር ነጥቦች ያሉት መተዳደሪያ ደንብ ለራሱ አወጣ፤ በዚህም ደንብ የጦሩ ሥልጣን በፖለቲካው አመራር ሥር እንዲሆን፣ ገበሬው እንዳይበደል፣ ምርኮኛ እንዳይጎዳ፣ አባላቱም ወደ ውጭ አገር እንዳይሸሹ ወሰነ። መሣሪያ ያነገተ፣ የሚቆጣጠረው መንግሥት የሌለው ኃይል በገዛ ራሱ ላይ ወሰን ሲያደርግ ምን እየጠየቀ ነው? ሕጋዊ መሆኑን አይደለም፤ ሕጉ ተሰድዷልና። የሚጠይቀው ሊታዘዙት የሚገባ መሆኑን ነው።

ይህን ስንል ማኅበሩን ለማሞገስ አይደለም። ደንቡ ተገቢነትን ቢፈልግም ተቀባይነትን በራሱ አላመጣለትም። ራስ እምሩና ጥቁር አንበሶች በምዕራቡ አገር ሲጓዙ ከአካባቢው ሕዝብ የጠበቁትን ድጋፍ አላገኙም፤ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ለመስጠት ተገደዱ። የባላባቶቹ ኅብረትም በፈራሚዎቹ ዘንድ ተቀባይነት ነበረው፤ ነገር ግን በስማቸው የተፈረመላቸው ገበሬዎች የተጠየቁበት ጉባኤ አልነበረም። እንግዲህ በአንድ ክረምትና በአንድ አገር ሕግ ያለው ግን የማይገባ፣ ሕግ የሌለው ግን ለመገባት የሚጥር፣ ከፊል ሰው የተቀበለው ግን ሌላው ያልተጠየቀበት ሥልጣን አብረው ታይተዋል። ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ሦስት ስሞችም ይፈልጋሉ።

የፈላስፎቹ ክርክርም የሚያሳየን ይህንኑ ሦስትነት ነው። ማክስ ቬበር ሥልጣን በልማድ፣ በመሪው ልዩ ጸጋ ወይም በሕግ ሥርዓት ላይ ሊመሠረት ይችላል ሲል የሚናገረው ተገዢዎች ስለ ሥልጣኑ ስላላቸው እምነት ነው፤ ይህ በጥናት ሊረጋገጥ የሚችል የማኅበራዊ ኑሮ ሐቅ ነው። ሃንስ ኬልሰን የአንድ የሕግ ሥርዓት ጽኑነት ሥርዓቱ በጠቅላላው በተግባር ከመዋሉ ጋር የተያያዘ መሆኑን ሲያስረዳ የሕጋዊነትን ጥያቄ ይመልሳል። ኤች ኤል ኤ ሃርት በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሕግ ፅንሰ ሐሳብ መጽሐፉ የወንበዴ ትእዛዝ ከሕግ የሚለይበትን ሲፈልግ፣ መገደድና ግዴታ መኖር ሁለት መሆናቸውን አሳየ። አማርኛ ይህን ልዩነት ያለ ችግር ይናገረዋል፤ «ተገድጄ ሰጠሁ» እና «መስጠት ይገባኝ ነበር» የተለያዩ ናቸውና።

ካርል ሽሚት ደግሞ በ1932 እ.ኤ.አ. ሕጋዊነትንና ሁለተኛውን ፅንሰ ሐሳብ በርዕስ ለይቶ መጽሐፍ ጻፈ። በዓመቱ የናዚ ፓርቲ አባል መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ይህ ለስያሜ ሠራተኛ ማስጠንቀቂያ ነው። ከሕግ በላይ የሆነ መሠረት አለኝ የሚል ሁሉ ሕግን ለማፍረስ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ስለዚህ ሁለቱን ቃላት የምንለያቸው አንዱን በሌላው ለመሻር ሳይሆን አንዱ ሌላውን እንዲጠይቅ ነው።

የአገራችን ሕገ መንግሥታት ይህን ጥያቄ በየዘመናቸው በተለያየ መንገድ መልሰዋል። የ1923 እና የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታት የዙፋኑን መሠረት በዘር ሐረግ ላይ አቆሙት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1 ንጉሠ ነገሥቱን አውርዶ ሕገ መንግሥቱን ሲያግድ፣ አዋጁ ራሱ በየትኛው ሕግ ወጣ? ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሕግ አልነበረም፤ መልሱ ከሕግ ውጭ መፈለግ ነበረበት። የ1979 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረቱን በሠርቶ አደሩ ሕዝብ ላይ ጣለ። ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 8 ሉዓላዊ ሥልጣንን ለብሔሮች፣ ለብሔረሰቦችና ለሕዝቦች ሰጥቶ፣ በአንቀጽ 9 ከተደነገገው መንገድ ውጭ የመንግሥትን ሥልጣን መያዝን ከልክሏል። አንቀጽ 8 የሚናገረው ስለ ምንጭ ነው፤ አንቀጽ 9 ስለ መንገድ ነው። ሁለቱንም «ሕጋዊነት» ብሎ የሚያስረዳ መምህር አንቀጽ 8ን ትርፍ ቃል ያደርገዋል።

በቅርብ ዓመታት በጋዜጦችና በጥናቶች «ቅቡልነት» የሚለው ቃል እየተዘወተረ መጥቷል። ይህ ከቀድሞው የተሻለ እርምጃ መሆኑን አንክድም። «ቅቡል» የግእዝ ቅጽል ነው፤ ሌላው የተቀበለውን ነገር ያመለክታል። «ተቀባይነት» ከሚለውም ይመረጣል፤ ምክንያቱም «ተቀባይ» በአገባቡ የሚቀበለውን ሰው የሚያመለክት ሆኖ ሳለ «ተቀባይነት» ግን በልማድ ለተቀበሉት ነገር ይነገራል፤ ልማዱ ቢጸናም ለስያሜ ጥራት አያመችም። ይሁን እንጂ «ቅቡልነት» የሚለው ቃል ሁለተኛውን ጥያቄ በሙሉ ይመልሳል ማለት ሌላ ስሕተት ነው። መቀበል ሁነት ነው። ሰው በፍርሃት፣ በልማድ፣ በጥቅም ወይም ሌላ አማራጭ በማጣት ሊቀበል ይችላል። ሥልጣኑ ቅቡል ነው ማለት ሰዎች ተቀብለውታል ማለት እንጂ ሊቀበሉት ይገባል ማለት አይደለም። የቬበርን ቃል በዚህ መተርጎም ትክክል ነው፤ የአንቀጽ 8ን ሐሳብ በዚህ መተርጎም ግን ጉድለት አለበት።

አንዳንድ ባለሙያዎች «ርቱዕነት»ን ሊያቀርቡ ይችላሉ። ቃሉ ውብ ነው፤ የቀናና የተስተካከለ ማለት ነው። ሁለት ምክንያቶች ግን ይከለክሉናል። አንደኛ፣ «ርትዕ» በሕግ ቋንቋችን ዳኛ ከጥብቅ ሕግ ባሻገር በሚዛናዊነት የሚሰጠውን ፍትሕ ለማመልከት ቦታውን ይዟል። ሁለተኛ፣ «ርቱዕ» ከ«ርቱዐ ሃይማኖት» ጋር ተያይዞ የቤተ ክርስቲያን ሽታ አለው። የኦርቶዶክስ፣ የወንጌላዊት፣ የካቶሊክ፣ የእስልምናና የዋቄፈና ተከታዮች በአንድነት በሚኖሩበት በነቀምት፣ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ ስለ መንግሥት ሥልጣን የሚነገር ስያሜ የአንዱን ወገን ቀለም ይዞ ባይገባ ይመረጣል።

የቀረን የሕዝቡ የራሱ ግሥ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ፣ ሊቁም ሆነ ባላገሩ፣ መብቱን ሲጠይቅ «ይገባኛል» ይላል፤ ግዴታን ሲናገር «ማድረግ ይገባል» ይላል፤ ሹመትን ሲመረምር «ይገባዋልን?» ይላል። ይህ አንድ ግሥ መብትን፣ ግዴታንና ብቁነትን አንድ ላይ ይዟል፤ ሥልጣን ሊታዘዙት የሚገባ ነው ስንል የምንፈልገውም እነዚህኑ ሦስቱን ነው። ስለዚህ ለሁለተኛው ፅንሰ ሐሳብ፣ ማለትም ሊታዘዙት የሚገባ መሆንን ለሚመለከተው፣ «ተገቢነት» በስምነት፣ «የሚገባ ሥልጣን» በሐረግነት ቢመደብ ይሻላል።

ለዚህ ምርጫ ወለጋ ሁለተኛ ፈተና ታቀርባለች፤ እርሱም የኦሮምኛ ትርጉም ነው። የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት የመጨረሻ ሕጋዊ እምነት የሚጣልበት ቅጂ ግን በአንቀጽ 106 መሠረት የአማርኛው ነው። በነቀምት ችሎት የፌዴራል ሕግ ሲጠቀስ የአማርኛው ቃል ወደ ኦሮምኛ መሻገሩ አይቀርም። አማርኛው ሁለት ሐሳብ ቀላቅሎ ከሰጠ ኦሮምኛው ቅልቅሉን ይወርሳል፤ ይህም ኦሮምኛ በራሱ ልዩነቱን እያወቀ ነው። በኦሮምኛ በሕግ የሆነው «ሴራ ቀቤሳ» ነው፤ የተቀበሉት ነገር «ፉዸተማ» አለው ይባላል፤ የሚገባውን ለማለት ደግሞ «መሉ» የሚለው ግሥ አለ፤ «ኢሳፍ መላ» ማለት «ይገባዋል» ማለት ነው። ሦስቱ የአማርኛ ቃላት ሦስቱን የኦሮምኛ ቃላት አንድ ለአንድ ሲያገኟቸው የስያሜው ጤንነት ከሁለት ወገን ይመሰከራል። የኦሮሞን ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት ለኅትመት ያበቃውና በ1923 ዓ.ም. በነቀምት ያረፈው ኦነሲሞስ ነሲብ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. በግእዝ ፊደል ማሳተሙን ስናስታውስ፣ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል የሚደረግ የቃላት ምርመራ በዚህ ከተማ እንግዳ ሥራ አለመሆኑን እንረዳለን።

ልዩነቱ ዛሬ በሥራ ላይ የሚገኝበትን አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 240 ለባህል ፍርድ ቤቶች ዕውቅና ሰጥቷል። ሽማግሌው አዋጁ ከመውጣቱ በፊትም ይዳኝ ነበር፤ ባለጉዳዮቹ ወደ እርሱ የሚሄዱት «ጃርሱማ»ን ስለሚያምኑበት ነው። አዋጁ ለሽማግሌው ሕጋዊነትን ሰጠው፤ ቅቡልነቱ የቆየው ከባለጉዳዮቹ ዘንድ ነው፤ ተገቢነቱ ደግሞ ለሴቲቱም፣ ለድኻውም፣ ለእንግዳውም በእኩል በመፍረዱ ይለካል። «ሕጋዊ የሆነው በ2013 ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት ነው፤ «ሥልጣኑ የተጀመረው በ2013 ነው» የሚለው ግን ሐሰት ነው። አንድ ቃል ብቻ ያለው ተርጓሚ ሁለቱን ይቀላቅላል።

ሌላው ምሳሌ የበለጠ ይከብዳል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ ዞኖች የመንግሥት ጦርና የታጠቀ ኃይል ሲዋጉ፣ ሲቪሎች በግፍ ሲገደሉና ሲፈናቀሉ ቆይተዋል። የታጠቀው ኃይል ራሱን «የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት» ይላል፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2013 ዓ.ም. «ሸኔ» በሚለው ስም በአሸባሪነት ፈረጀው፤ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በታንዛኒያ የተካሄዱት ሁለት ዙር ንግግሮች ያለ ስምምነት ተጠናቀቁ። በመንገድ ላይ ኬላ የሚዘረጋ ማንም ይሁን ማን፣ መንገደኛው ይቆማል። ቆመ ማለት ተቀበለ ማለት አይደለም፤ ተቀበለ ማለትም ኬላው ይገባዋል ማለት አይደለም። የተርጓሚ ተግባር ለየትኛውም ወገን መፍረድ አይደለም። ነገር ግን ሪፖርት፣ የፍርድ ቤት ቃል ወይም የስምምነት ሰነድ ሲተረጉም ከሦስቱ የትኛው እንደተነገረ ለይቶ ማስቀመጥ ግዴታው ነው። ሦስቱ በአንድ ቃል ሲጨፈለቁ ጥያቄውን የሚያነሣው ሰው ሕግ ተቃዋሚ ይመስላል፤ ሕጉን የሚያስከብረውም ሰው ሌላ መልስ እንደማያስፈልገው ያስባል።

ከዚህ ጋር አብሮ ሊታረም የሚገባው የ«መንግሥት» ቃል ነው። አማርኛ በሥልጣን ላይ ያለውን አስተዳደርና ከአስተዳደሮች በላይ የሚዘልቀውን የፖለቲካ ማኅበር ሁለቱንም «መንግሥት» ይላል። የሚገባ ሥልጣን የሌለው አስተዳደር ሲተች የአገሪቱ ሕልውና የተነካ የሚመስለው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ለዘላቂው ማኅበር «አገረ መንግሥት» የሚለው በቅርብ ጊዜ የተለመደ ስያሜ ቢጸና፣ «መንግሥት» ለአስተዳደሩ ቢቀር ትርጉሙ ይጠራል።

ከላይ በቀረበው ምርመራ መሠረት ለስያሜ አጽዳቂዎችና ለተርጓሚዎች የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

ሀ. «ሕጋዊነት» ሥልጣን በሕግ በተደነገገ መንገድ መያዙንና መሠራቱን ብቻ ያመልክት።

ለ. «ቅቡልነት» ተገዢዎች ሥልጣኑን በእርግጥ መቀበላቸውን፣ ማለትም በጥናት ሊረጋገጥ የሚችለውን ሁነት ያመልክት።

ሐ. «ተገቢነት» ሥልጣኑ ሊታዘዙት የሚገባ መሆኑን፣ ማለትም በምክንያት የሚሟገቱለትን ጥያቄ ያመልክት።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ አለ። «ተገቢነት» በዕለት አነጋገር «ተስማሚነት» ለማለት ስለሚያገለግል ለከባድ ፅንሰ ሐሳብ ቀላል ነው ሊባል ይችላል። መልሱ፣ ስያሜ ክብደት የሚያገኘው ከሚመደብበት ቦታ ነው የሚል ነው። «ሥልጣን» ራሱ ከ«ሠለጠነ» የወጣ ሲሆን «ሥልጣኔ»ም ወንድሙ ነው፤ ይህ ግን የሕግ ቃል ከመሆን አላገደውም። «መብት»ም፣ «ግዴታ»ም ዛሬ ያላቸውን የጠራ ትርጉም ያገኙት በሕግ አገባብ ተደጋግመው በመነገራቸው ነው። በተጨማሪም ቃሉ ቀላል መሆኑ ጥቅም አለው፤ «ይህ ሥልጣን ይገባዋልን?» የሚለውን ጥያቄ በነቀምት ገበያ ያለው ሰው ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ስለ መንግሥት ሥልጣን የሚጠይቅ ስያሜ ባለሥልጣኑና ባለጉዳዩ እኩል የሚረዱት ሊሆን ይገባል።